ዳንቴል የለበሰው ማንቂያ

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ዲላ

መናኸሪያው ገና አልሞቀም። እኔ ግን ጋቢና ተቀምጫለሁ። ሥራዬ የእንግዳ ማረፊያዎችን መፈተሽ ነው፤ በየመኝታ ክፍሉ ከከሰል የሚወጣ መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሲኖር የሚጮኽ ማንቂያ መኖሩን፣ ከሰል አለመግባቱን አያለሁ። ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ይዣለሁ። የሚለጠፈው ፍስሐ ገነት ከተማ፣ የእትዬ አስቴር ፔንሲዮን በር ላይ ነው። ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎባቸዋል፤ ሦስተኛው ማሸግ ነው። እሳቸው ደግሞ እዚያ አስተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት እንደ ልጃቸው ያኖሩኝ ሴት ናቸው። ይኼ ነው እንግዲህ ጣጣዬ።

ሾፌሩ አበራ ስማቸውን ስነግረው መሪውን እየመታ ሳቀ።

«የቡና ነጋዴውን ጋሽ ኑሪን ‹ሰክረሃል› ብለው ከፔንሲዮናቸው ያባረሩት ሴትዮ? ወይ ጉድ! ሰውዬው እኮ ዕድሜ ልኩን ከመስጊድና ከቡና መጋዘን ሌላ አያውቅም። ጠዋት ሲንገዳገድና ሲያስመልስ አይቼዋለሁ ብለው፣ ያውም በሰው ፊት! ከዚያ ወዲህ በደጃቸው አላለፈም።»

2 ሰዓት፣ ይርጋጨፌ

ወናጎን እንዳለፍን ጉም ተቀበለን። ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና፣ በቡናው መሀል ቅርጫት ያነገቡ ለቃሚዎች፣ ከፊታችን ቀይ እሸት የጫነ አይሱዙ። ቁርሴ ሻይና ሁለት ፓስቲ ነው፤ ዋጋው ካለፈው ጨምሯል፣ መጠኑ ግን አንሷል። የአንዱ ሆቴል ባለቤት ማንቂያውን ራሱ ተጭኖ አስጮኸልኝ። ደስ ሲል! ሁሉም እንዲህ ቢሆን ምን አለበት?

4 ሰዓት ተኩል፣ ፍስሐ ገነት

ዝናብ። ፔንሲዮኑ እስክደርስ ጫማዬ ቀይ ጭቃ ሆነ። እትዬ አስቴር በር ላይ አገላብጠው ሳሙኝ።

«ልጄ፣ በስብሰሽ የለ እንዴ! ግቢ፣ ግቢ!»

ጃኬቴን አውልቄ ሳልጨርስ ፍም የሞላ የከሰል ማንደጃ ይዘው ወደ ድሮ ክፍሌ ገቡ። እንግዳ ከሚበርደው እሳቸውን ቢበርዳቸው ይመርጣሉ። ማንቂያውን በዓይኔ ፈለግሁ። አለ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ግን ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ የፋብሪካው ፕላስቲክ። ባትሪም አልገባበትም። ስምንቱንም ክፍል ዞርኩ፤ በየክፍሉ ማንደጃ፣ ስምንት ዳንቴል!

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አቧራ እንዳይጠጣብኝ ነዋ! በስንት መከራ ያስመጣሁትን ዕቃ! ቴሌቪዥኑንስ አለብሰው የለ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ወረቀቱ ትዝ አለኝና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«በለቀማ ሰሞን? ቤቴ በነጋዴ ሞልቶ? እንግዳ አሞቅሽ ብለሽ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የምኖረው እኮ በዚህ ቤት ነው፣ ልጄ።»

«ከማሸጌ በፊት አንድ ነገር እንይ» አልኳቸው። ፕላስቲኩን ቀደድኩ፣ የያዝኩትን ባትሪ አስገባሁ፣ ማንቂያውን ከማንደጃው ጋር ክፍሉ ውስጥ ትቼ በርና መስኮት ዘጋሁ። ሻይ ይዘን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሻያችን ሳያልቅ ጩኸቱ ቤቱን አናወጠው።

«ምን ታይቶት ነው? ጭስ የለው፣ ፍም ብቻ!»

«የሚገድለው የማይታየው ነው፣ እትዬ። ሽታም የለው። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ያንገዳግዳል፣ ያስመልሳል። ከባሰ መንቃት የለም።»

እኔም ያኔ ስንት ጠዋት ራሴን አሞኝ ተነሥቻለሁ፤ ደብተር ማረም የጎዳኝ ይመስለኝ ነበር። እትዬ አስቴር ብርጭቆአቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«ያንገዳግዳል?»

«አዎ።»

«ያስመልሳል?»

መልሴን አልጠበቁም። ማንደጃውን ከየክፍሉ እያወጡ ፍሙን ዝናቡ ላይ ደፉት። ዳንቴሉን ሁሉ ገፈፉ። ባትሪ ከሱቅ አስመጥተን ስምንቱንም አንድ በአንድ አስጮኽናቸው፤ በየአልጋው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ተነጠፈ። ወረቀቱ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ቀረ።

8 ሰዓት፣ እዚያው

ስልካቸውን ሰጡኝ። «ኑሪ የሚለውን ደውይልኝ።» ደወልኩና ለሁለታችንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ መለስኩላቸው።

«ጋሽ ኑሪ፣ አስቴር ነኝ፣ የፍስሐ ገነቷ። ያን ቀን አልሰከሩም ነበር። ያንገዳገደዎት የኔ ከሰል ነው። ልገድልዎት ነበር እኮ! ይቅር ይበሉኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«አስቴር» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ «አሁን ያልሽውን እንዳትረሺው። ስልኩን ለባለቤቴ ልስጣት፤ እሷም እስከ ዛሬ አላመነችኝም።»