ያልተጠየቀችው ንግሥት

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ከገባሁ ጀምሮ፣ በዚህ ከተማ ያለ እኔ ሽምግልና የቆመ ትዳር የለም። እሺ፣ የሸመገልኩት አንድ ብቻ ነው። እሱም በእኔ ምክንያት ሊፈርስ ነበር።

ኬንቲሽ ታውን የሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ፍላት በላይ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከበርማ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ይኖራሉ። ሻይ በጠሩኝ ቁጥር ስለ አንዲት የጥንት ንግሥታቸው ያወሩልኛል፤ ትናንት አብረው ገበያ የወጡ ነው የሚመስሉት።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የኤርትራው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እኚያን ሴትዮ ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ደረቴ ተነፋ! ሽማግሌ በወጉ ሦስት ይሆናል፤ እኔ ብቻዬን ሦስት አክላለሁ። ወጉ ደግሞ ቤተሰብ መጠየቅ ነውና፣ ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሼ ሃክኒ ሰፈር፣ የሴትዮዋ ልጅ ዘንድ ሄድኩ።

«እናትዎን ለልጃችን ይስጡን» አልኩት። ልጃችን ሰባን አልፏል።

ሰውየው ግራ ገብቶት፣ «እኔ ምን አገባኝ? እሺ» አለ።

አገር እንዳቀና ጀግና ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ። «ለጋሼ ተሰጥተውናል!» አልኳቸው ለሴትዮዋ።

«ማነው የሰጠኝ?»

«ልጅዎ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ስለዚያች ንግሥት ስነግርህ ተኝተህ ነበር? ባሏ ሞተ፣ ወንድምየው ነግሦ ወሰዳት። እሱ ተማረከ፣ ሌላው ወንድም ወሰዳት። እሱን የገደለው ደግሞ ዙፋኑንም እሷንም አንድ ላይ ወሰደ። የአራት ነገሥታት ሚስት! አንዳቸውም ‹ትፈልጊያለሽ ወይ?› አላሏትም።»

እኔ፣ የፓርላማ አፍ ያለኝ ሰውዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እግር የላቸውም? መጥተው እኔን ይጠይቁኝ።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «አንተ ልጅ፣ ጉድ ሠራኸኝ!» አሉና ከረባታቸውን አስረው ወጡ። እኔ ደረጃው ሥር ቀረሁ። ከላይ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። 

«ሻይ ብቻዬን መጠጣት ሰለቸኝ» አሉ ጋሼ። «ከእኔ ጋር መኖር ይፈልጋሉ?»

 እኔ ጆሮዬን ወደ ላይ አቀናሁ።

«እፈልጋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ጫማዎን ያውልቁና ይግቡ።»

ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ደረጃው ሥር የቆምኩት የሽማግሌ ኃላፊነት ይዞኝ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። በዚህ ሽበቴ አንዲት ሴት ጠይቄ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ልስማ ብዬ ነው።