ጊታር ሠሪውና የአዳራሹ ሶኬት

የሠፈሩ ሰው "በር ገንጣይ" ይለዋል። ስሙ የወጣለት የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር በሠራ ጊዜ ነው። አማቱ የጓዳዋን በር እንዲጠግንላት ሰጥታው ነበር፤ በሩ አልተመለሰም፤ የተመለሰው አንገት የበቀለለትና ስድስት ክር የተወጠረበት ሌላ ነገር ነው። አማቱ ለረጅም ጊዜ ጓዳዋን በመጋረጃ ሸፍና ኖረች፤ ሰው በመጣ ቁጥርም "በሬ ዘፋኝ ሆኗል" ትል ነበር።

እንጀራው የበርና የመስኮት አናጢነት ነው። ጊታር የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ፣ ከሚስቱ የስፌት ክፍል በአንድ ስስ ግድግዳ በተለየች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አካሉን ከአሮጌ በርና ከተጣለ የትምህርት ቤት ዴስክ ያወጣል። አዲስ እንጨት አይወድም፤ "ገና ውሃውን አልጨረሰም፣ ክር ሲወጠርበት ይጎብጣል" ይላል። በአንገቱ ላይ የሚደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች ከብስክሌት ጎማ ራጂ፣ ጎማውን ወጥረው ከሚይዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ ይቆርጣል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ማግኔቱን ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ፣ ከፀጉር የቀጠነውን ሽቦ ደግሞ ከተበላሹ የበር ደወሎች ፈትቶ ያገኛል።

ሽቦውን የሚጠመጥመው በሚስቱ የስፌት መኪና ነው። መርገጫውን የምትረግጠው እሷ ናት፤ እሱ ሲረግጥ ሽቦው ይበጠሳል። እግሯ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ እንደ እንቅልፍ ትንፋሽ እኩል ይረግጣል። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስቱ በተኮራረፉ ሰሞን ጊታር አይሠራም።

ጊታሮቹ የታወቁት በመልካቸው አይደለም፤ በዝምታቸው ነው። በእጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር ማንም ሳይጫወተው እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ልማዱ ነው። የእሱ ግን አያጉረመርምም። ክሮቹ ከታሰሩበት ብረት ሥር አንዲት ቀጭን ሽቦ ትነሳለች፤ በጊታሩ ሆድ በኩል አልፋ፣ ከመሰኪያው ገመድ ጋር ሄዳ የአምፕሊፋየሩን የብረት ሳጥን ትነካለች። ተጫዋቹ ጣቱን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ ጉርምርምታው ቀጥ ይላል። አምፕሊፋየሩንም የሚሠራው እሱ ራሱ ስለሆነ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ። ሽቦዋን ማንም አያያትም፤ ስሙን የተሸከመችው ግን እሷ ነበረች።

ስሙ የወደቀውም በዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሠርግ ላይ ነው። የሠፈሩ አዳራሽ ገና ታድሶ መከፈቱ ነበር። ጉሮሮ የሚሉት ዘፋኝ የእሱን ጊታር አንግቶ ወደ አዲሱ መድረክ ወጣ። እንግዳ ሲገባ ያለ ዘፈን ተጫወተ። ከዚያ ሊዘፍን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ሲል፣ ከንፈሩ ብረቱን እንደነካ፣ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ከበሮዎቹ መሐል ወደቀ። እንግዳው የጨዋታው አካል መስሎት አጨበጨበ። ሙሽራው ብቻ ነው ሮጦ የደረሰው።

ጉሮሮ ተረፈ። ከንፈሩ ግን አብጦ ለሰሞኑ ሾርባ እንኳ በዘዴ ነበር የሚጠጣው። ከበሮ መቺው ወሬውን ይዞ ዞረ፤ "ማይክሮፎኑ ሳመው፤ አሳሳሙ ግን የጠላት ነው" እያለ። ወሬ እግር ሲያወጣ እንደሚሆነው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ጥፋቱ የማይክሮፎኑ መሆኑ ቀርቶ የጊታሩ ሆነ። በር ገንጣይ ሰው ገንጣይ ተባለ። ጊታር ያዘዙት ትእዛዛቸውን አነሡ። ከዚህ ቀደም የወሰደ አንድ ተጫዋችም ጊታሩን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

"ያቺን ሽቦ ቁረጥልኝ" አለው።

"ከቆረጥኳት ይጮሃል።"

"ይጩህ። የሚጮህ ነገር ቢያንስ መኖሩን ይናገራል።"

ቆረጠለት። ጊታሩ ማጉረምረም ሲጀምር ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። ጊታር ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ፣ የገዛ እጁ ሥራ እንደ ማንም ሥራ እየጮኸ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር በዓይነ ኅሊናው አየው።

በማግሥቱ፣ የሚነዝር ሽቦ ሲነካ የሚበራውን ቴስተሩን ኪሱ ከትቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። በዚያ ከተማ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ መሰኪያው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። የሚነዝረው ሽቦ በቀኝ፣ የማይነዝረው በግራ ነው የሚታሰረው። ሦስተኛው ቀዳዳ የመሬት ሽቦ ነው፤ በአብዛኛው ቤት ግን ባዶውን ነው። ቴስተሩን በቀኝ ቀዳዳ ቢያስገባ አልበራም። በግራ ቢያስገባ በራ። በመድረኩ ግድግዳ ላይ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ገብቶታል። አምፕሊፋየሮቹን ሲሠራ፣ የመሬት ሽቦ ያለው ቤት እምብዛም ስለማይገኝ፣ የብረት ሳጥኑን ከማይነዝረው ሽቦ ጋር ነበር የሚያስረው። በማንኛውም ትክክለኛ ሶኬት ላይ ይህ ሠርቷል። እዚህ ግን የማይነዝረው የሚነዝረው ሆኖ ቆየው። ኤሌክትሪኩ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ በቀጭኗ ሽቦ ወደ ክሮቹ፣ ከክሮቹ ወደ ጉሮሮ ጣቶች ደረሰ። ማይክሮፎኑ ደግሞ በአዳራሹ አዲስ የመሬት ሽቦ በኩል ከመሬት ጋር የታሰረ ነው፤ የጉሮሮ ከንፈር መንገዱን አገናኘለት።

ሶኬቱን ማን እንዳሰረው መጠየቅ አላስፈለገውም። የአዳራሹን መብራት የዘረጉት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞት እህታቸውን ያሳደጉ፣ ኋላም ለእህታቸው ባል ሽቦ መቀጠል ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩ አንድ የማይለወጥ ቃል ነበራቸው፤ "ቀለም ያታልላል፣ ቴስተር አያታልልም።" በሥራቸው ያለፉ ሁሉ ይህን እንደ ጥበብ ይዘውት ኖረዋል።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። መርገጫው ቆመ።

"ጋሼ ሽቦ አይገለብጥም።"

"ገልብጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"መብራት ነበረ ሲሠራ?"

"እድሳት ላይ ስለነበር ተቆርጦ ነበር። ምነው?"

መቀሷን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። "ልጅ ሆኜ ልብስ ሊገዛ ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። 'ከረሜላ ልግዛልሽ' ይለኛል፤ ሱቁ ጋ ስንደርስ 'የቱ ያምርብኛል' ብሎ ይጠይቀኛል። አንዴ እኔ አሞኝ ብቻውን ሄደ። ለቀብር የሚሆን ጥቁር ሹራብ ብሎ ቀይ ገዝቶ መጣ። ለብሶት ለቅሶ ቤት ደጃፍ ድረስ ሄዶ ነው እማዬ የመለሰችው። ከዚያ በኋላ ስለ ሹራቡ በቤታችን አልተወራም።"

ጊታር ሠሪው ኪሱ ውስጥ ያለውን ቴስተር ዳበሰ። በከተማው ሶኬት ሁሉ የሚነዝረው ሽቦ ቀይ፣ የማይነዝረው ጥቁር ነው፤ መብራት ሲቆረጥ ደግሞ ቴስተር አይበራም። ያ የሁሉም ጥበብ የሆነው ቃል መደበቂያ እንደነበረ ገባው።

"ይህን ብታወራ ማን ቤቱን ይሰጠዋል?" አለች። "ዕድሜ ልኩን ሽቦ ሲቀጥል የኖረ ሰው ነው። በስተርጅና ምን ይሁን?"

"ዝም ካልኩ ደግሞ እኔን ማን ጊታር ያሠራኛል?"

"ጊታር ያጣ ሰው አይሞትም።"

"በሶኬት ግን ይሞታል" አላት።

ጀርባዋን ሰጠችው። ሰሞኑን የስፌት መኪናው ለሽቦ አልተረገጠም። እሱም በዚያ መሐል የጉሮሮን አምፕሊፋየር ፈትቶ፣ ሲሸሸው የኖረውን ትልቅና ከባድ ትራንስፎርመር አስገባበት። አሁን ሶኬቱ ቢገለበጥም ባይገለበጥም ሳጥኑ ከየትኛውም ሽቦ ጋር አይገናኝም። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ይችል እንደነበር ያውቃል፤ ውድ ነው፣ ይከብዳል ብሎ ነው የተወው።

ጋሼን ያገኛቸው ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተጠላለፈ አሮጌ ሽቦ ሲፈቱ ነው።

"ጊታርህ ሰው ጣለ አሉ" አሉት ገና ሳይቀመጥ።

"ጣለ ጋሼ። የአዳራሹ ሶኬትም ተገልብጧል።"

"ማን ገለበጠው?"

ጊታር ሠሪው ቴስተሩን ከኪሱ አወጣ።

"ቴስተርህ አርጅቶ ይሆናል።"

"የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።"

ጋሼ ሽቦውን ከጭናቸው ላይ አነሡና ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ። "መሰላሉን ያዝ" አሉትና ወደ አዳራሹ መንገድ ገቡ።

ጊታር ሠሪው ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን አስቀድሞ ወደ አዳራሹ አድርሶ፣ ጉሮሮንም መጥተህ እይ ብሎት ስለነበር ዘፋኙ ከአዳራሹ ጠባቂ ጋር ቆሞ ጠበቃቸው። ከንፈሩ ላይ እከክ አለ። ጠባቂው መብራቱን ከብሬከሩ አጠፋ። ጋሼ ተንበርክከው የሶኬቱን ክዳን ፈቱ፤ ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ውጭ ሳቡና በመስኮቱ ብርሃን አዩአቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ። ዘፋኙና ጠባቂው ራቅ ብለው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

"ቀዩ የቱ ነው?" አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"በግራ ያለው።"

"ለእኔ ሁለቱም ጥቁር ናቸው።" ቀና ብለው አዩትና፣ "አልደነገጥክም። እህቴ ነግራሃለች" አሉት።

"የሹራቡን ብቻ ነው የነገረችኝ።"

"የሹራቡን ከነገረችህ ምን ቀረኝ።"

ሽቦዎቹን አቀያይረው አሰሩ። እጃቸው ስለ ቀለም የማያውቀውን ያህል ስለ ብሎን ያውቃል፤ የቀሩትንም ሶኬቶች ጊታር ሠሪው "ግራ፣ ቀኝ" እያለ፣ እሳቸው እያሰሩ ጨረሱ። መብራቱ ሲመለስ ቴስተሩ በየሶኬቱ በቀኝ በኩል በራ።

ጠባቂው መጥቶ ከአጠገባቸው ቆመ። "እንግዲህ ለኮሚቴው ምን ልበል? የማን ጥፋት ሆኖ ተገኘ?"

ጊታር ሠሪው ጋሼን አላያቸውም። "የእኔ አምፕሊፋየር . . ." ብሎ ጀመረ።

"አትቀላምድ" አሉት ጋሼ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። "ሁለታችንም ነን። እኔ ቀዩንና ጥቁሩን ስለማልለይ ሽቦውን ገለበጥኩት። እሱ ደግሞ ሳጥኑን ያለ ትራንስፎርመር ሠራው። አንዳችን ብቻ ብንሳሳት ኖሮ ይህ ልጅ አይነዘርም ነበር። እንዲህ ብለህ ንገራቸው፤ ከዚህ አትጨምር፣ አትቀንስ።"

ጠባቂው ጆሮውን ያመነ አይመስልም። "ቀይና ጥቁር አይለዩም?"

"የተናገርኩትን ደግሜ እንድናገር ትፈልጋለህ?"

"የለም፣ ይበቃኛል።"

ጉሮሮ ይህን ሁሉ ሰምቶ ጊታሩን አየና እጁን ኪሱ ከተተ። "ጥሩ። ግን እኔ መለዋወጫ ከንፈር የለኝም። ሠሪው ይሞክረው።"

ጊታር ሠሪው ጊታሩን አነገተ። መሰኪያውን ሰካ፣ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ አሳረፈ፣ አፉን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋ። ከንፈሩ ብረቱን ነካ። ምንም አልሆነም። እንደዚያው ደርቆ ቀረ።

"ዝፈን እንጂ" አሉት ጋሼ ከታች። "ዝም ካልክ የሞትክ ይመስለናል።"

መዝፈን አይችልም። የሆነ ግጥም የሌለው ዜማ አዜመ፤ ዜማውም መንገድ ላይ ጠፋበት። ጠባቂው ጆሮውን አሻሸና፣ "ከዚህስ ንዝረቱ ይሻል ነበር" አለ። ጉሮሮ እየሳቀ ወደ መድረኩ ወጣ፤ ሲስቅ እከኩ ስላመመው ከንፈሩን በእጁ ያዘ። ጊታሩን ከሠሪው አንገት ላይ አውልቆ በራሱ አንገት አጠለቀው።

"ለቅዳሜው ሠርግ ይዤው እወጣለሁ። ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"ያየኸውን በል" አለው። "በእጄ ያለፉትን አምፕሊፋየሮች በሙሉ ያምጧቸው፤ እንደዚህኛው አደርጋቸዋለሁ።"

"የጋሼንም ነገር ልናገር?"

ጊታር ሠሪው ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ መሰላሉን አጥፈው ግድግዳው ላይ እያስደገፉ ነበር። "እሱን ለእኔ ተወው፤ እየዞርኩ የምናገረው እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ወደ አማቻቸው ጠጋ ብለው፣ "መዋለ ሕፃናቱንም መብራት ሳይገባ ነው የሠራሁት" አሉት።

"ሌላስ?"

"መድኃኒት ቤቱ። የዳቦ ጋጋሪው አዲሱ ክፍል። የቀረውን በመንገድ ላይ አስታውሳለሁ።"

"ከመዋለ ሕፃናቱ እንጀምር" አለ ጊታር ሠሪው። መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ። ጋሼ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ይዘው ከፊቱ ወጡ፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆመው ጠበቁት። በመድረኩ ላይ ጉሮሮ ክሮቹን ይቃኛል፤ በየመሐሉ ማይክሮፎኑን በጣቱ ጀርባ ነካ ያደርጋል።