የሜሲ ግራ እጅ

ቧንቧ ውኃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ ያስላል። አየሩ ከውስጥ እየተገፋ ኩህ ኩህ ይላል፣ ቀጥሎ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ይተፋል። ያን ድምፅ ዛሬም ስሰማ ሳላስበው ተነሥቼ ጄሪካን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ እህቴ ትዝ ትለኛለች።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ውኃው በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣም ጉልበቱ እኛ ጋ ስለማይደርስ፣ ከምድር ቤቱ ቧንቧ ቀድተን በደረጃ የምናወጣው እኔና መሠረት ነበርን። ሜሲ እንላታለን። በአምስት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። በቀኝ እጇ ጄሪካኑን አንጠልጥላ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ትወጣ ነበር፤ በግራዋ ስትይዝ ግን አንዱን ፎቅ እንኳ ሳትጨርስ አስቀምጣ እጇን ታራግፋለች። ጣቶቿ ይነጡና ይቀዘቅዙ ነበር።

አናጺው አባታችን «ግራሽን ስላላስለመድሽው ነው እንጂ ምንም አልሆንሽም» ብሎ፣ ግራ እጇ እንዲጠነክር ከዚያ ወዲያ በግራ ብቻ እንድትይዝ አዘዘ። እማዬ ደግሞ ብርድ ገብቶበት ነው እያለች ቫዝሊን ቀብታ ታሽላትና በነጠላዋ ትጠቀልልላት ነበር። ሁለቱም የመሰላቸውን ነው ያደረጉት። ይህን የምለው ግን አሁን ነው፤ ያኔ አባዬ ላይ ተናድጄ ነበር።

ጥቅምት ላይ የሳይንስ መምህራችን የልብ ምት ከእጅ አንጓ ላይ እንዴት እንደሚቆጠር አስተማሩን። ቤት እንደገባሁ የሜሲን ያዝኩ። ቀኙ ጣቴን ገፋ ገፋ ያደርጋል። ግራውን ብፈልግ ብፈልግ የለም።

«ሜሲ፣ ይሄኛው አይመታም!»

«በቃ በግራ በኩል ሞቻለሁ። በቀኝ በኩል ደግሞ ጥናት አለብኝ፣ ልቀቀኝ።»

አልለቀቅኋትም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አገኘሁት፤ በጣም ቀጭን ነው፣ ከቀኙም ትንሽ ዘግየት ይላል። ሁለቱንም አንጓዎቿን በአንድ ጊዜ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱ መጥቶ ሌላው እስኪከተል መጠበቅ ጨዋታዬ ሆነ። የራሴን፣ የእማዬን፣ የጎረቤቱን ሕፃን ሳይቀር ሞከርኩ። የሁሉም እኩል ነው። ለምን የእሷ ብቻ?

«ቀርፋፋ ስለሆነ ነዋ፣ እንደ አንተ» ትለኝ ነበር።

በጋው ሲገባ ራስ ምታት ጀመራት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት፣ «ስለ እጄ ትንፍሽ እንዳትል፤ እማዬ ከሰማች ጸበል ብላ ወር ሙሉ ታስቀምጠኛለች፣ ፈተናው ያመልጠኛል» ብላ አስማለችኝ። ጥር ላይ እማዬ ለራስ ምታቱ አንድ ክሊኒክ ስትወስዳት አብሬ ሄድኩ። ነርሷ የደም ግፊቷን የለካችው ለእሷ ቅርብ በሆነው ክንድ፣ በግራው ነበር። «ግፊቷ ደህና ነው፣ ጥናት በዝቶባት ይሆናል» አለች። ሜሲ አየችኝ። ነገሩ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዝም አልኩ።

ሚያዝያ ላይ ነስር ይዟት አልቆም ሲላት ሌላ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ግራ ክንዷ ላይ መለኪያውን ሲጠቀልሉ፣ «ቀኙንም ይለኩላት፣ ግራው ደህና አይመታም» አልኩ።

«አንተን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አሉኝና ለኩ። ደግመው ለኩ። የቀኙ ግፊት ከግራው እጅግ ይበልጥ ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፉልን። ሜሲ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም፣ ታክሲ ውስጥ አንዴ ብቻ «አሳባቂ» አለችኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ዶክተር ወረቀት ላይ ሣለችልን። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር እንደ ከዘራ እጀታ ጎብጦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከጉብጠቱ ላይ ወደ ራስና ወደ ሁለቱ እጆች ቅርንጫፎች ይወጣሉ። የሜሲው ግን የግራ እጇ ቅርንጫፍ ከመውጣቱ በፊት ጠቧል፤ ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ነው። ስለዚህ ራሷና ቀኝ እጇ ግፊት ሲበዛባቸው ግራ እጇና እግሮቿ ያንሳቸዋል።

«ምድር ቤት ውኃው ሲንፎለፎል አራተኛ ፎቅ እንደሚደርቀው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ዶክተሯ ሳቀች። «ጀሞ ነው የምትኖሩት?»

አባዬ አልሳቀም። ሥዕሉን ትኩር ብሎ እያየ «እኔ እኮ በግራሽ ያዢ ስልሽ...» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም።

«ተወው አባዬ፣ ማን አወቀ» አለችው ሜሲ።

ለቀዶ ሕክምና ተራ ተያዘላት። ክረምቱ ገባ፣ ፈተናዋን ተፈተነች። ነሐሴ ውስጥ፣ ተራዋ ሳይደርስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ «ራሴን» ብላ ወደቀች። አልተነሣችም።

ጥር ላይ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ተራዋ ይደርስላት ነበር ወይ? ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በጥያቄ የማደክም ልጅ ነበርኩ። ይህን ግን ማንንም አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ።

አሁን እሷ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። የደም ሥሩን ከነቅርንጫፎቹ ስዬ፣ የቱ ጋ እንደጠበበ ለማንም ማስረዳት እችላለሁ። ያኔ ምንም አላውቅም ነበር፤ ሜሲ ግን መጽሐፏን በአንድ እጇ ይዛ፣ ግራውን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ «እሺ፣ ዛሬስ አገኘኸው?» ትለኝ ነበር።