መርዶ የማያቆይ ቴሌስኮፕ

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከአሸተን ማርያም በላይ ካለው ጋራ ላይ ሰው ሳይነካው የሚሠራ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ሩቅ ሰማይ ላይ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የጋማ ጨረር ይፈነዳል። ሳተላይት አይታ መልእክት ትልካለች፤ ቴሌስኮፑም ማንንም ሳያስፈቅድ ወደዚያው ይዞራል። ብርሃኑ በየደቂቃው ስለሚከስም የዘገየ ጨለማ ብቻ ነው የሚያየው። የእኔ ሥራ መስታወቱን ከአቧራ መጠበቅና ባትሪውን መከታተል ቢሆንም፣ በፍጥነቱ የምኮራው እኔ ነበርኩ።

በዐቢይ ጾም ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ በድንገት ታሞ አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ። ለእናታችን ማንም አልነገራትም። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ደጃፍ ቆሞ ነው የሚያረዳው። ቄሱ አጎቴ ደግሞ ልቧ ደካማ ነው፣ ጾሙም አድክሟታል፣ ፋሲካ ይለፍ ብለው ቆረጡ። ተቆጣሁ፤ ተከራከርኩ። ወግ ነው አሉኝ። በአጎቴ ላይ አፌን መክፈት ስለማይገባኝ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤት መግባት አስጠላኝ። እናቴ ለፋሲካ ይመጣል ብላ ለልጇ የበሶ ገብስ ታሰናዳለች። የከተማ በሶ አሸዋ አለው ብሎ ሁልጊዜ ያማርር ነበር። ደውይልኝ ባለችኝ ቁጥር ኔትወርክ የለም እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብሱን እያበጠረች፣ ያ ጋራ ላይ ያለው መሣሪያ ወሬውን በምን እንደሚሰማ ጠየቀችኝ። በኔትወርክ አልኳት፣ ሳላስብ። ምን እንደሚያስቸኩለውም ጠየቀች። ኮከብ ሲሞት ብርሃኑ ቶሎ ይጠፋል፣ ሳይጠፋ መድረስ አለበት አልኳት። የምናገረው የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ ፊቴን ከእሷ አዞርኩ።

ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ለኮከቡ ኔትወርክ አለ፤ ለልጄ ነው የጠፋው?»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰች። ዘመድ አልተሰበሰበም፤ አጎቴም ደጃፍ አልቆሙም።

«ቀብሩ አለፈኝ?» አለች።

«አለፈሽ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማን አለቀሰለት?»

እሷ እንዳትሰማ ብለን እኛም አላለቀስንለትም ነበር።