ለመጽሐፉ ሰውዬ ዋስ የሆንን ቀን

ሮቤ ገበያ ጨው ስሸጥ ነው የያዙኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ፤ ጎባ ስትደርስ ይነገርሃል አሉኝ። ጎባ ደረስኩ፤ የነገረኝ የለም። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የገብስ መጋዘን ነበርና በተነፈስኩ ቁጥር የገለባ ብናኝ አፍንጫዬ ይገባል። ብርዱ ከወለሉ ተነስቶ ጉልበቴ ላይ ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ብርዱም ጥያቄውም ተወኝ።

አብሮን የታሰረ አንድ አስተማሪ ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በኮቱ ገበር ደብቆ አስገብቷል። ከሰዓት በኋላ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብሎ እየተረጎመ ያነብልን ጀመር። በታሪኩ አንድ ሰዓት ሠሪ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጺሙን ግማሹን ተላጭቶ ሳለ ይያዛል። ጥፋቱን የሚያውቅ የለም። አቤት ሊል የሄደበት ቢሮ በሩ ሲከፈት የሰው ጓዳ ነው፤ ዳኛው ሽንኩርት እየላጠ ነገ ና ይለዋል።

ቅዠት ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጸሐፊው ጎባን ሳያይ አልጻፈውም ብዬ ጠረጠርኩ። ያልተዋጠልኝ ጺሙ ብቻ ነው፤ የእኛዎቹ ሰው ሲላጭ ካገኙት አስጨርሰው ነው የሚይዙት።

ከጎሮ የመጡ አንድ ሽማግሌ እስረኛ በመጽሐፉ ዳኛ ላይ ተቆጡ። እሳቸው የሚያውቁት ዋስ የጠራ ሰው ቤቱ እንደሚያድር ነው።

"ባርሲሳ፣" አሉ፤ አስተማሪውን በኦሮምኛ እንዲያ ነው የሚጠሩት። "ሰውዬው ዋስ የለውም?"

"የለውም፣ አባባ።"

"እንግዲያው እኔ አለሁለት። ጻፍልኝ።"

አስተማሪው ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ተወ። በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ጻፈላቸው። ቀጥሎ ሌላው ተነሳ፣ ቀጥሎ እኔ። ክፍሉ በሙሉ ለሰዓት ሠሪው ዋስ ሆነ።

በር ላይ የነበረው ዘበኛ ሰምቶ ተናግሮ ኖሮ በማግስቱ የእስር ቤቱ መቶ አለቃ አስጠራኝ። ሰዓት ሠሪው የሽፍቶች መልእክተኛ መስሎታል።

"ሰውዬው የት ነው ያለው?"

"መጽሐፍ ውስጥ፣ ጌታዬ።"

አንድ ወረቀት ገፋልኝ። አስተማሪው መንግሥትን የሚሳደብ መጽሐፍ እንደሚያነብልን ተጽፎበት አልቋል፤ የቀረው የእኔ ስም ነው። ብፈርም አስተማሪው የት እንደሚላክ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

"ግማሹን ነው የሰማሁት፣ ጌታዬ። ጆንያ ሳልፈታ እህሉ እንዲህ ነው ብዬ አላውቅም።"

"ሌላውን ግማሽ ስትሰማስ?"

"ያኔም አልፈርምም።"

አራት ወር ተጨመረልኝ። አስተማሪውን ግን ሳምንት ሳይሞላ ወሰዱት፤ መጨረሻውን አልሰማንም።

አሁን ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ደፋር ነበርክ ይለኛል። ድፍረት አልነበረም፤ ምንም አልተሰማኝም። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ፣ እጄ ጉልበቴ ላይ፣ በቃ። ያ ወረቀት በሌላ ሰው ስም ተሞልቶ ይሆናል። በእኔ ስም ግን አልተሞላም።