ከቁንዝላ ይዣቸው የመጣሁ ሁለት ጣቶች

ከቁንዝላ የወጣሁ ለት ጀልባዋ የተነሣችው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ልጄ ይታይሽ ሻንጣዬን ይዛ እስከ ሐይቁ ዳር ሸኘችኝ። ማመልከቻ በኮምፒውተር የምጽፍባትን ክፍሌን ለእርሷ ተውሁላት። ሥራውን ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ግን ያስተማረኝ የለም። የምንጽፈው በሁለት ጣት፣ ዐይንን ከመጻፊያው ፊደሎች ሳንነቅል ነበር። «ያላየሽውን አትንኪ» እላት ነበር።

ባሕር ዳር የቀጠረኝ ጽሕፈት ቤት የሦስት ወር ሙከራ ሰጠኝ። አለቃዬ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ በመጀመሪያው ቀን እጄ ላይ ሻርፕ ጣል አደረገችብኝ።

«አሁን ይጻፉ፣ ጋሼ።»

«ዕውር ልታደርጊኝ ነው?»

«ዐሥር ጣት ካልለመዱ ሙከራውን አያልፉም።»

ጠረጠርሁ። እጁን ሸፍኖ የሚሠራ እኔ የማውቀው ቁማርተኛ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ሲጣደፉ «ሠ»ን በ«ሰ» ተክተው ያልፋሉ፤ እኔ አንዷን አልስትም።

ቢሆንም መባረሩን ፈርቼ፣ ዓባይ ማዶ በተከራየሁት ክፍል ካርቶን ላይ ፊደሎቹን ጽፌ መለማመድ ጀመርሁ። አከራዬ በሩን ከፈቱት።

«ጠረጴዛ እየደበደቡ ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ታይፒንግ ነው።»

«ስሙም ያስፈራል። ጠበል አስረጭቼ ያከራየሁት ቤት ነው፤ ርኩስ መንፈስ እንዳያስገቡብኝ።»

ቁንዝላ ቢሆን ጎረቤት ተጠራርቶ ይስቅ ነበር። እዚህ በር ይቆለፋል። ዓሣው እንኳ ከዚያው ሐይቅ ወጥቶ ጣዕሙ ሌላ ነው።

በሁለተኛው ወር የአንዲት መበለት ማመልከቻ ገለበጥሁ። አለቃዬ ከዋናው ጋር ስታስተያየው አንድ መስመር ጎደለ፤ የታናሽ ልጇ ስም ያለበት። በዋናው ላይ ሁለት መስመሮች «ስለሆነም» ብለው ይጀምራሉ። ዐይኔ ከወረቀቱ ወደ ፊደሉ ሲመላለስ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ ነበር። «ሠ»ን አልሳትሁም፤ የሳትሁት ሕፃኗን ነው።

«ሻርፑ እጅዎን ለመደበቅ አይደለም» አለችኝ። «ዐይንዎ ወረቀቱ ላይ እንዲቆይ ነው።»

አፈርሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው ስሕተቱንም አብሮ ይማራል፤ የሚያርመው የለምና። ቁንዝላ በጻፍሁባቸው ዓመታት ማንም አስተያይቶልኝ አያውቅም። ስንት ስም ዘልዬ ይሆን?

አሁን በዐሥር ጣት እጽፋለሁ፤ ከበፊቱ ይልቅ እጄ ይዘገያል። ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ማለፌን እንጃ። ትናንት ለይታይሽ ደወልሁ።

«የጻፍሽውን ከዋናው ጋር ታስተያያለሽ?»

«ዐይን ካየ አይሳሳትም ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ተሳስቼ ነው። በዐሥር ጣት መማር አለብሽ።»

«ማን ያሳየኛል፣ አባባ? እርስዎ እዚያ ነዎት።»

ባለጉዳይ መጣባትና ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እየፈጠነች ስትጽፍ ይሰማኝ ነበር። «ቀስ በይ» አልሁ፤ አልሰማችኝም።