የበሬ ልብ የምንለው ቲማቲም

ልጄ አስቴር ትናንት ሦስት የቲማቲም ችግኝ በላስቲክ ይዛ መጥታ፣ «አባዬ፣ ሦስቱም ትልልቅ የሚያፈሩ የድሮ ዘሮች ናቸው፣ ቦታህ ግን ለአንድ ብቻ ነው፤ ምረጥ» ብላኝ ሄደች። የአንዱን ቅጠል በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኩት፣ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ እንቢ ብሎኛል፤ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ ችግኞቹን ካንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አዞራለሁ። ስማቸው በእንግሊዝ ፊደል ተጽፏል፣ እኔ ደግሞ የአማርኛውንም በግድ ነው የምቆጥረው። የኛው ከመሃላቸው ይኑር አይኑር ማን ይንገረኝ?

የኛው ያልኩት ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ በኛና በእትዬ ዘይነባ ቤት መሃል፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ጋቢ በምታህል መሬት ላይ ይበቅል የነበረውን ነው። ዘሩን አባቴ ፒያሳ ከሚሠራበት ጋራዥ አመጣው፤ ጋራዡ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር፣ ሰውዬው በተሰባበረ አማርኛው «የበሬ ልብ» ስላለው እኛም ሌላ ስም አልፈለግንለትም። አንዱ ሁለት እጅ ይሞላል፣ ወገቡ የተሸበሸበ፣ መልኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ሲቆርጡት ውሃው ጥቂት፣ ዘሩም ጥቂት፣ ሥጋው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያፈራ ጊዜ እናቴ ከትፋ፣ ቃሪያና ጨው አድርጋ፣ ሳህኑን ከድና ወደ እትዬ ዘይነባ ላከችኝ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ «እትዬ፣ እማዬ የበሬ ልብ ልካልዎታለች» አልኩ። ክዳኑን እንኳ አላነሱትም። «መልሰህ ውሰድላት። የእናንተን እርድ እንደማልበላ እናትህ አጥታው ነው?» አሉኝ። እናቴ ሳህኗ እንዳለ ሲመለስ ተቀየመች፣ ሁለት ቀን ያለ ሰላምታ ተላለፉ፤ በሦስተኛው ቀን ያሉኝን ቃል በቃል ስነግራት ነው እናቴ አንዱን ፍሬ እንዳለ ይዛ በአጥሩ ላይ ብቅ ያለችው። «ይኼን ነው በሬ ያልሽው?» ብለው እትዬ ዘይነባ አጥሩን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘር መራጯ እሳቸው ሆኑ፤ ከታች ካፈሩት አንዱን ይተዋሉ፣ ይበሰብሳል እስክንል ይተዋሉ፣ ዘሩን አጥበው አድርቀው በጨርቅ ይቋጥራሉ። እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ጠጋ ብዬ፣ ምኑን አይተው እንደሚመርጡ አልጠየቅኋቸውም።

ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ ከከተማው በአንዱ ዳር፣ ልጃቸው ሰይድ በሌላው ዳር ወደቅን፤ እሳቸው ከዚያ በፊት አርፈዋል። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት።

«ቋጠሮዋ አለች?» አልኩት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ጤና ይስጥልኝ አይቀድምም?» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ዕቃ ስንጭን የብርጭቆ መጠቅለያ ጨርቅ አነሰን። እኔ ነኝ ፈትቼ ያራገፍኳት። ዘር መሆኑን አላወቅኩም።»

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በአጥር ተጎራብቼ አሥር ፍሬ ዘር ስጡኝ ያላልኩ ሰው ምን አፍ አለኝ?

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ግንዱ ወፈር ያለውን ችግኝ አነሳሁና ላስቲኩን ቀድጄ ተከልኩት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ ሰይድ።

«አንዱን ተከልኩ።»

«ስሙ ማነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

ችግኙን ውሃ አጠጣሁት፤ ስልኩን ማናችንም አልዘጋነውም።